የቻይልድ ሃሮልድ ጉዞ፦ ስለ ባይረን ረጅም የጉዞ ግጥም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ግጥም ባነሳሁ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሳቸው ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግጥሙ ምንድን ነው? ማን ነው የጻፈው?

የጻፈው ሎርድ ባይረን ነው። በ1788 ለንደን ተወልዶ፣ በ1824 ግሪክ ውስጥ በ36 ዓመቱ የሞተው እንግሊዛዊ ገጣሚ። ግጥሙ አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ላይ ማርች 1812 ላይ ታተሙ፤ ሦስተኛው በ1816፣ አራተኛው በ1818 ተከተሉ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሃሮልድ የሚባል ወጣት ባላባት ድግሱም፣ መጠጡም፣ ሴቱም ይሰለቸውና አገሩን ጥሎ መርከብ ይሳፈራል። ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ አልባኒያ፣ ግሪክ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ቤልጂየም፣ የራይን ወንዝ ዳርቻ፣ ስዊዘርላንድ፣ በመጨረሻም ጣሊያን። ልብ የሚያንጠለጥል ሴራ አትጠብቁ። ሃሮልድ ይሄዳል፣ ያያል፣ ይተክዛል፣ እንደገና ይሄዳል። የሚቆምበት ቦታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍርስራሽ ነው፤ የወደቀ ቤተ መቅደስ፣ ሣር የበቀለበት የጦር ሜዳ፣ ጣሪያው የተናደ አዳራሽ። ለኔ ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰው የሌላ ሕዝብ ጥንታዊ ነገር ፊት ሲቆም እንዴት ነው መቆም ያለበት?

"ቻይልድ" ሲል ሕፃን ማለቱ ነው?

አይደለም። በድሮ እንግሊዝኛ "ቻይልድ" ገና የፈረሰኛነት ማዕረግ ያላገኘ የባላባት ልጅ መጠሪያ ነበር። ባይረን ሆን ብሎ ነው ያረጀ ቃል የመረጠው።

ከሱ ይልቅ ልብ የሚባለው ሁለተኛው ቃል ነው። "ጉዞ" ብዬ የተረጎምኩት ቃል በእንግሊዝኛው የተሳላሚ ጉዞ ማለት ነው። እኛ ተሳላሚ ሲባል ግሸን ወይም ላሊበላ ለንግሥ የሚወጣው ሰው ነው ትዝ የሚለን፤ ስለት ይዞ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ የሚሳለመውን ደጅ አውቆ የሚሄድ። ሃሮልድ ስለትም የለው፣ ደጅም የለው። ግን አቴንስ ሲደርስ፣ ሮም ሲደርስ፣ የሚናገረው ልክ እንደ ተሳላሚ ነው። ስለዚህ ርእሱን "የቻይልድ ሃሮልድ ሽርሽር" ብሎ የሚተረጉም ሰው ካገኛችሁ አትስሙት።

ሮማንቲክ ግጥም ነው ይሉታል። የፍቅር ግጥም ነው እንዴ?

በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ አይፈረድበትም። እዚህ ሮማንቲክ የሚባለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ የመጣው የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ ነው። ስሜት፣ ተፈጥሮ፣ ብቸኝነት፣ ያለፈ ዘመን ትዝታ፣ የአንድ ሰው የውስጥ ዓለም፤ እነዚህ ናቸው ምልክቶቹ። በግጥሙ ውስጥ ፍቅር የለም ማለት አይደለም፤ ግን ባይረን ከልቡ የሚያለቅሰው ለሴት ሳይሆን ለከተማ ነው።

ሃሮልድ ራሱ ባይረን ነው?

ባይረን "አይደለም፣ የፈጠርኩት ሰው ነው" ብሎ መግቢያው ላይ ጽፏል። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ግን የገጸ ባሕሪው ስም "ቻይልድ ቡሩን" ነበር። ቡሩን ደግሞ የባይረን ቤተሰብ ስም የድሮ አጻጻፍ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሦስተኛው ክፍል ሲከፈት ደግሞ የምንሰማው የሃሮልድን ድምፅ አይደለም፤ የአባት ድምፅ ነው። ባይረን ትዳሩ ፈርሶ፣ ኤፕሪል 1816 ላይ እንግሊዝን ለቆ ሲወጣ፣ ጥሏት የሄደው ልጁ አዳ ገና ወራት የተቆጠሩላት ሕፃን ነበረች። የክፍሉ የመጀመሪያ መስመሮች ስሟን ይጠራሉ። ከዚያ በኋላ አላያትም። (አዎ፣ ያቺው አዳ ናት፤ አድጋ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ፋና ወጊ የምትባለው አዳ ላቭሌስ።) አራተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ባይረን በሱና በሃሮልድ መካከል ያለውን መስመር ማንም ሊያየው ስላልፈለገ ማስመሩ እንደሰለቸው ራሱ ይናገራል።

ቦታዎቹን በእግሩ ሄዶ አይቷቸዋል ወይስ ከመጽሐፍ ነው የቀዳው?

አይቷቸዋል፣ ግጥሙን ሕይወት የሰጠውም እሱ ነው። ጁላይ 1809 ላይ ከጓደኛው ከጆን ሆብሃውስ ጋር ከእንግሊዝ ተነሳ። ያኔ ናፖሊዮን አውሮፓን እያመሰ ስለነበር የእንግሊዝ የሀብታም ልጆች ለትምህርትና ለጉብኝት የሚሄዱበት የተለመደው መንገድ ዝግ ነበር። ስለዚህ በሊዝበን፣ በካዲዝ፣ በማልታ አድርጎ ኦቶማን ቱርክ ወደሚገዛው አገር ገባ። ግጥሙን መጻፍ የጀመረው በኦክቶበር 1809 መጨረሻ፣ ዛሬ በግሪክ ባለችው በዮአኒና ከተማ ነው፤ ሁለተኛውን ክፍል የጨረሰው ማርች 1810 ላይ ሰምርኔስ፣ የዛሬዋ ኢዝሚር። በመንገድ ላይ የተጻፈ ግጥም ነው፣ አቧራው ገና አልተራገፈም።

አልባኒያ ውስጥ ቴፔሌና የሚባል ቦታ ዓሊ ፓሻ የሚሉትን ኃይለኛ ገዥ አገኘ። የግቢውን ትርምስ ሲገልጽ ፈረሱ፣ ከበሮው፣ በወርቅ የተጠለፈው ልብስ፣ የሁሉም አገር ሰው አንድ ላይ ሲተራመስ ይታያችኋል። ወቅቱ ረመዳን ነበር። ቀን ጸጥ ያለው ግቢ ሲመሽ እንዴት ነፍስ እንደሚዘራ፣ የአዛኑ ድምፅ ከሚናራው ላይ እንዴት እንደሚወርድ ጽፎታል። በንቀት አይደለም የጻፈው። ለዘመኑ እንግሊዛዊ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል፣ 67ኛውና 68ኛው አንጓ። ማዕበል መርከቧን ሱሊ የሚባል ተራራማ አገር ዳርቻ ላይ ይጥላታል። ሱሊዎች በተዋጊነታቸው የሚፈሩ ሕዝብ ናቸውና ሰዎቹ ለመውረድ ይፈራሉ፤ ዘረፉን ገደሉን ነው ሐሳባቸው። ሱሊዎቹ ግን እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሏቸዋል። በገደሉና በረግረጉ እየመሩ ያሳልፏቸዋል፣ እሳት ያነዱላቸዋል፣ የራሰ ልብሳቸውን ይጨምቁላቸዋል፣ መጠጥ ይቀዱላቸዋል፣ ኩራዙን ያስተካክሉና ቤት ያፈራውን ያቀርባሉ። ቀላል ምግብ ነው፣ ግን ያላቸው ሁሉ እሱ ነው ይላል ባይረን። ልብስ ሲጨመቅ! ያንን ዝርዝር ያላየ ሰው አይጽፈውም። እንግዳ ሲመጣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ለምናውቅ ሰዎች ይህ አንጓ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ስለ ፓርተኖን የሚለው ነገር ምንድን ነው? ሁሉም የሚያነሳው እሱን ነው።

ትክክል ነው የሚያነሱት፣ የግጥሙ እምብርት እዚያ ነው። መጀመሪያ ነገሩን ልንገራችሁ።

ፓርተኖን አቴንስ ከተማ አክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ ያለው፣ አቴና የምትባለው የጥንት ግሪኮች ሴት አምላክ ቤተ መቅደስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ተሠራ። ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፣ መስጊድ ሆኗል። በ1687 ቱርኮች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ የቬኒስ ጦር በመድፍ መታውና መሀሉ ፈነዳ። እንዲህም ሆኖ ቅርጻ ቅርጾቹ ብዙዎቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ።

ከዚያ ሎርድ ኤልጂን መጣ፤ በኦቶማን መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር። ከ1801 ጀምሮ ሠራተኞቹ ቅርጾቹን ከሕንጻው እየነቀሉ፣ ለጭነት እንዲመች አንዳንዱን በመጋዝ እየሰነጠቁ ወደ እንግሊዝ ላኩ። አንዷ መርከብ በ1802 ኪቲራ ደሴት አጠገብ ሰጥማ ድንጋዮቹ በጠላቂ ዋናተኞች ነው የወጡት። ኤልጂን "ፈቃድ ነበረኝ" አለ፤ ዛሬ ያለው ሰነድ ግን የጣልያንኛ ትርጉም ነው። በ1816 ለእንግሊዝ መንግሥት በ35,000 ፓውንድ ሸጣቸው። እስከ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው።

ባይረን አቴንስ የገባው በ1809 ገና ሰሞን ነው፣ ሥራው ገና ሳያልቅ። ባዶ የቀረውን ቦታ በዓይኑ አየ። ከ11ኛው እስከ 15ኛው አንጓ ያለው ቁጣ ከዚያ የመጣ ነው። ጎጥ የሚባለው የጥንት ወራሪ ሕዝብ የተወውን፣ ቱርክ የተወውን፣ ጊዜ ራሱ የማረውን ነገር ነቅሎ የወሰደ ሰው ምን ዓይነት ልብ አለው? እያለ ይጠይቃል። ወሳጁ ደግሞ የሌላ አገር ሰው ሳይሆን የራሱ ወገን መሆኑ ነው የሚያቃጥለው። 15ኛው አንጓ ላይ ድምፁ ይለወጣል። ቁጣው ይበርድና ሐዘን ይሆናል፦ ግሪክ ሆይ፣ አንቺን አይቶ፣ አፍቃሪ በሚወዳት ሰው አፈር ላይ ቆሞ የሚሰማው የማይሰማው ልብ ቀዝቃዛ ነው፤ ግድግዳሽ ሲበላሽ፣ መቅደስሽ ሲነቀል አይቶ የማያነባ ዓይን ደንዛዛ ነው፤ ያውም ሊጠብቁሽ በሚገባቸው በእንግሊዝ እጆች።

ይህ የኔ ልቅ ትርጉም ነው፣ ዜማው አልመጣም። ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።

ግን ባይረን ራሱ በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ነበር?

ሙሉ በሙሉ አልነበረም። በ1811 ከአቴንስ ሲወጣ የተሳፈረባት ሃይድራ የምትባል መርከብ ከኤልጂን ድንጋዮች የመጨረሻዎቹን ጭና ነበር። ሱኒዮን ላይ ባለው የፖሰይዶን ቤተ መቅደስ ድንጋይ ላይም ስሙ ተቀርጾ ይገኛል፤ ራሱ ነው የቀረጸው ተብሎ ለጎብኚ ይታያል። እኔ ይህ ግጥሙን ያረክሰዋል ብዬ አላስብም። ግን መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ስለ ቅርስ የተቆጣ ሰው ሁሉ እጁ ንጹሕ ነው ብለን ከጀመርን ቆይተን ማዘናችን አይቀርም።

ይህ ነገር እኛን ምን አገናኘን?

መቅደላ ያገናኘናል። ኤልጂን ከሸጠ ከ52 ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 1868 ላይ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲይዝ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ከአምባው የተዘረፈውን ለመሸከም 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል። ብራና፣ መስቀል፣ ጽዋ፣ ታቦት። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያም አብሮ ሄዶ ነበር፣ በጨረታው ላይ ለሙዚየሙ ሲገዛ።

ዛሬም ጉዳዩ አንድ ቤትና አንድ ሕግ ላይ ነው የሚገናኘው። የፓርተኖን ቅርጾችም የመቅደላ ታቦታትም ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ናቸው፤ ሙዚየሙ ከስብስቡ ውስጥ ዕቃ አሳልፎ እንዳይሰጥ የሚያስረው የ1963ቱ ሕግ ሁለቱንም ይመለከታል። አስራ አንዱ ታቦታት ለሕዝብ አይታዩም፣ ለተመራማሪም አይከፈቱም። እንግዲህ ለማንም የማይታይ ነገር ሙዚየም ውስጥ ለምን ይቀመጣል? ይህን ጥያቄ የኛ ሰው ሁሉ ይጠይቃል፣ እኔም እጠይቃለሁ።

የተመለሰም አለ። ኤዲንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገኘው ታቦት በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ እልል እያለ ነው የተቀበለው። በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 ተመልሶ በ2008 ቦታው ላይ ቆመ። ባይረንን ሳነብ "ባዶ የቀረ ቦታ" የሚለው ነገር ለኔ ሩቅ ያልሆነብኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ግሪኮችም ባዶውን ቦታ አልሸፈኑትም። በ2009 የተከፈተው የአክሮፖሊስ ሙዚየም ውስጥ በዚያው ኮረብታ ያለ የሌላ ቤተ መቅደስ ጣሪያ ይሸከሙ የነበሩት የስድስቱ ሴቶች ሐውልቶች የሚቆሙበት ክፍል አለ። አምስቱ ቆመዋል። ስድስተኛዋ ለንደን ናት፤ ቦታዋ ክፍት ሆኖ ይጠብቃታል።

የዋተርሉው ክፍልስ? ትምህርት ቤት ሰምቼው ነበር።

ዋተርሉ ናፖሊዮን ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈበት የቤልጂየም ጦር ሜዳ ነው። ግጥሙ የሚያነሳው ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ነው፣ ከ21ኛው አንጓ ጀምሮ። ብራስልስ ውስጥ ሌሊት ጭፈራ አለ። ሻማው በርቷል፣ ሙዚቃው ደምቋል። በመሀል ከሩቅ አንድ ድምፅ ይሰማል። "ሰማችሁ?" "የለም፣ ነፋስ ነው፤ ወይ በድንጋዩ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሠረገላ።" ጭፈራው ይቀጥላል። ድምፁ ይደገማል፣ አሁን ቀርቧል። መድፍ ነው። ከዚያ ስንብቱ፣ እንባው፣ የፈረሱ ኮቴ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ጣሊያን ላይ የሚጽፈውስ?

አራተኛው ክፍል ቬኒስ ላይ ይጀምራል፤ በአንድ በኩል ቤተ መንግሥት፣ በሌላ በኩል እስር ቤት፣ መሀሉ ላይ ባለው የትንፋሽ ድልድይ ገጣሚው ቆሟል። ከዚያ እየወረደ ሮም ይደርሳል፣ በጨረቃ ብርሃንም ኮሎሲየም ይገባል፤ ጥንት ግላዲያተር የሚባሉ ሰዎች ለሕዝብ መዝናኛ እየተፋለሙ የሚሞቱበት ግዙፍ ሕንጻ ነው።

እዚያ 140ኛውና 141ኛው አንጓ አሉ። ግላዲያተሩ ወድቆ በክንዱ ተደግፏል። ከጎኑ ቁስል ደሙ ቀስ እያለ ጠብ ይላል፤ ነጎድጓድ ሲጀምር እንደሚወርዱት የመጀመሪያ ጠብታዎች ከባድ ከባድ ሆኖ። ሕዝቡ ላሸነፈው ይጮኻል። እሱ ጩኸቱን ሰምቶታል፣ ግን ልቡ እዚያ የለም። ልቡ ዳኑብ ወንዝ ዳር ያለችው ጎጆው ጋ ነው፣ ልጆቹ የሚጫወቱባት፣ እናታቸው ያለችባት። አባታቸው ደግሞ ለሮማውያን የበዓል ቀን ማድመቂያ ይታረዳል። ባይረን ይህን ሲጽፍ በሐሳቡ የነበረው ሮም ያለ አንድ የታወቀ ሐውልት ነው። ዛሬ ሐውልቱ የግላዲያተር ሳይሆን የኬልት ተዋጊ መሆኑ ይታወቃል። አንጓውን ግን ይህ አላዳከመውም። ሰው ሁሉ የኮሎሲየምን ግዙፍነት ሲያደንቅ፣ እሱ እዚያ መሬት ላይ የወደቀውን ሰው የቤቱን መንገድ ነው የሚፈልገው። ቅርስ ማየት ለኔ ይህ ነው፤ ድንጋዩን አይቶ ሰውየውን መጠየቅ።

አጻጻፉ ይከብዳል?

የመጀመሪያው ክፍል ይከብዳል። ባይረን ሆን ብሎ ያረጁ ቃላት ጎዝጉዞበታል፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቁሜዋለሁ። እየቆየ ራሱ ይተዋቸዋል።

አንጓው ዘጠኝ መስመር ነው። ስምንቱ አሥር አሥር ቀለም፣ ዘጠነኛው አሥራ ሁለት። ቤት የሚመታው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሀ ለ ሀ ለ ለ መ ለ መ መ። ቅርጹን የወረሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከኤድመንድ ስፔንሰር ነው። ስንኙ ጥንድ ጥንድ እያለ ቤት በሚመታ ግጥም ላደገ የአማርኛ አንባቢ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ የሚጠብቁት ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ያ ረዘም ያለው የመጨረሻ መስመር ግን ደስ ይላል። ዳገት ወጥቶ ቆም ብሎ ዞር ብሎ እንደማየት ነው።

በዘመኑ ተወዶ ነበር?

በጣም! የመጀመሪያው 500 ቅጂ በሦስት ቀን አለቀ። "አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ታዋቂ ሆኜ አገኘሁት" አለ የሚባለው ያኔ ነው። ዕድሜው 24 ነበር።

ግሪክ ውስጥ ለምን ሞተ?

ግሪኮች በ1821 ነፃነታቸውን ለማግኘት ከኦቶማን ጋር ጦርነት ሲጀምሩ፣ ባይረን ገንዘቡን ይዞ ሊረዳቸው በ1823 ሄደ። የሱሊ ተዋጊዎችንም ቀጥሮ ነበር፤ እነዚያን ልብስ የጨመቁለትን ሕዝብ። ጦር ሜዳ ሳይደርስ ኤፕሪል 19 ቀን 1824 ሚሶሎንጊ ላይ ትኩሳት ገደለው። ግሪኮች እስከ ዛሬ እንደ ጀግናቸው ነው የሚያዩት፤ አቴንስ ውስጥ ቫይሮናስ የሚባል ሰፈር በስሙ ተሰይሟል።

ሁሉንም የማንበብ ጊዜ የለኝም። ከየት ልጀምር?

ግጥሙ 495 አንጓ ገደማ ነው፣ ስለዚህ እውነታችሁን ነው። የባለቤትነት መብቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። ከአንደኛው ክፍል አትጀምሩ። መጀመሪያ የዋተርሉን ሌሊት፣ ቀጥሎ ግላዲያተሩን፣ ከዚያ ሁለተኛውን ክፍል ሙሉውን አንብቡ። አራተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ያለው የባሕሩ ቦታ፣ ከ179ኛው አንጓ ጀምሮ፣ ለብቻው ይነበባል።

አሥር ደቂቃ ብቻ ካላችሁ ደግሞ ሁለተኛው ክፍል 93ኛው አንጓ ላይ ሂዱ። ባይረን ከግሪክ ሊወጣ ሲል ከሱ በኋላ ለሚመጣው መንገደኛ የሚናገረው ነው፦ ወደዚህ የተቀደሰ አገር ቅረቡ፣ በሰላም እለፉ፤ ፍርስራሹን ግን ተዉት፣ እጃችሁን አታሳርፉበት፣ እንዲያውም ብዙ ተጎድቷል።